ሁሉን አቃፊው ድረ ገጻችንና እኔ ሰብሳቢው

በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ሁለት ታላላቅ ቀናት አሉ። አንደኛው አሳንሰሩ የተገጠመበት ቀን ነው፤ ሁለተኛው እኔ የተደራሽነት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ የተሰየምኩበት። አሳንሰሩ በሦስተኛው ሳምንት ተበላሸ። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ እየሠራሁ ነው።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ስለ አመራረጤም ትንሽ ልበል። «ሥራ ፈላጊዎች የሚያመለክቱበት ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞችም ክፍት ይሁን» የሚል ደብዳቤ ከበላይ የደረሰ ዕለት፣ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ይዘው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ያገኙት የመጀመሪያ ሰው እኔ ነበርኩ። እጄን ታጥቤ ከመጸዳጃ ቤት እየወጣሁ ነበር። ታሪክ ሰውን የት ቆሞ እንደሚጠብቀው አይታወቅም።

የመጀመሪያውን ስብሰባ የከፈትኩት በአርባ ደቂቃ ንግግር ነው። ንግግሩ እንዳለቀ የኮምፒውተር ባለሙያው፣ ገና ወጣት ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ የመግባት መጥፎ አመል አለበት፣ እጁን አወጣ።

«ዓይነ ስውራን ኮምፒውተር የሚጠቀሙት ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብላቸው ፕሮግራም ነው» አለ። «የኛ ገጽ ደግሞ ጽሑፍ የለውም።»

«እንዴት አይኖረውም? ማስታወቂያው ሁሉ የተጻፈ አይደለም እንዴ?»

«ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ስካን የተደረገ ነው ጋሼ። ለፕሮግራሙ ያ ፎቶ ነው። ‹ምስል› ብሎ ያልፈዋል። እንደገና በጽሑፍ እናስገባው፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው።»

የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ። እሳቸው መነጽራቸውን ካወለቁ ነገር አለ ማለት ነው።

«ማኅተም የሌለው ማስታወቂያ ወሬ ነው» አሉ። «እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ከዚህ ግቢ ወሬ አውጥቼ አላውቅም።»

ሁለቱንም ወገን የሚያስታርቅ ሐሳብ ያመነጨሁት እኔ ነኝ። ማስታወቂያው እንደነበረ በፎቶ ይቀጥል፤ ነገር ግን ማየት ለተሳናቸው ወገኖቻችን ሲባል ማኅተሙ በእጥፍ ይጉላ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። የኮምፒውተር ባለሙያው ብቻ ድምፀ ተአቅቦ አድርጎ ጣሪያውን ያይ ነበር።

ቀጥሎ የገጹ ግንባር መጣ። እዚያ ላይ ልብ የሚነካ ትልቅ ፎቶ እንዲሆን፣ አመልካቹም ፎቶው ላይ ሲጫን ማመልከቻው እንዲከፈት ወሰንን። ፎቶውን ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ባለሙያው እንደገና እጁን አወጣ፦ ፎቶው በማውስ ብቻ ሳይሆን በቁልፍ ሰሌዳም ይከፈት፣ ደግሞም ምን እንደሆነና ሲጫኑት ምን እንደሚከፍት ፕሮግራሙ እንዲያነበው ከጀርባው በጽሑፍ ይግባ፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው አለ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ለኮሚቴ ክብር አይመጥንም። አጀንዳ አደረግነው። ከሰባታችን ሦስታችን «ተስፋ የሰነቀ ፊት» ይባል አልን፤ ሦስቱ «ብሩህ ነገን የሚመለከት ፊት» ካልሆነ ብለው ሙጭጭ አሉ፤ ሰባተኛው ተኝቶ ነበር። በሦስት ስብሰባ ስላልተግባባን ቦታው ባዶ ቀረ። ቁልፍ ሰሌዳው ደግሞ በጊዜ ጥበት ሳይነሳ ታለፈ።

ጥራት ሳይፈተሽ ሥራ ማስረከብ ግን የኛ ባሕርይ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ማውሱን ተጫኑ። ማመልከቻው ወለል ብሎ ተከፈተ። አጨበጨብን። ከመጨፈናቸው በፊት ቀስቱን ፎቶው ላይ አድርሰውት እንደነበር ያነሳ ሰው የለም። እኔም አይቼ ነበር፤ አላነሳሁም።

አሁን ስለ እህቴ ልጅ ልንገራችሁ። የታላቅ እህቴ ብቸኛ ልጅ ናት፤ ዓይነ ስውር ናት። ሕግ አጥንታ በማዕረግ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከየመሥሪያ ቤቱ «እንደውልልሻለን» ስትባል ኖራለች። አዲሱ ድረ ገጻችን በመጀመሪያ ያወጣው ማስታወቂያ ቅሬታ አጣሪ የሕግ ባለሙያ የሚፈልግ ሲሆን፣ ግርጌው ላይ «አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ» ይላል። ሐሙስ ማታ የነገርኳትም እኔው ነኝ። «አጎቴ፣ ይሄ ልክ የኔ ሥራ ነው» አለችኝ። «ይሄ ካመለጠኝ ግን ከእንግዲህ ማመልከት በቃኝ።»

ማመልከቻው የሚዘጋው አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሰኞ ሥራ የጀመረው ገጽ በይፋ የሚመረቀውም እዚያው አርብ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በአዳራሹ መድረክ ላይ ተሰይሜ ሳለሁ ስልኬ ነዘረኝ። እሷ ናት። አጎንብሼ ወደ ኮሪደር ወጣሁ።

«አጎቴ፣ ገጹን ከፈትኩት። ‹ምስል አንድ› ይለኛል። በቁልፍ ሰሌዳው ስጫነው ዝም። ከዚያ ‹ምስል ሁለት›። ማመልከቻው የት ጋ ነው?»

«እሱን ልነግርሽ አልችልም።»

«ለምን?»

«የእህቴ ልጅ ነሽ። ሰብሳቢው ለዘመዱ መንገድ አሳየ ቢባልስ?»

«እሺ፣ ለማታውቀው ሰው የምትነግረውን ንገረኝ።»

«ለማላውቀውም አልናገርም። ገጹ ራሱን በራሱ ያስረዳል።»

«በወረቀት ላምጣው? በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው።»

«ወረቀት ቀርቷል። አሁን ሁሉም እኩል ነው፣ በድረ ገጽ ብቻ።»

«እንግዲያስ ቅሬታ ላቅርባ።»

«መብትሽ ነው። የቅሬታ ማቅረቢያው ምስል ሁለት ነው።»

«አጎቴ፣ እማዬ ከሥራ የምትመለሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቤት ውስጥ የሚያይልኝ ሰው የለም።»

«በርቺ» አልኳት። ሆዴን ቅር አለው፤ አልዋሽም። ግን ስሜ በድምፅ ማጉያው ተጠርቶ ነበርና ሆዴን ኮሪደሩ ላይ ትቼው ገባሁ።

ንግግሬ ግሩም ነበር። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም!» ስል አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበልኝ። የመስተዋት ፍሬም ያለው የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ የኮምፒውተር ባለሙያው ቁጥሩን ይዞ መጣ። አመልካች ሁለት መቶ ስድስት፤ አካል ጉዳተኛ አመልካች የለም።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ፍላጎት የላቸውም ማለት ነው» አልኩ። አፌ ከልቤ ቀድሞ ነው የተናገረው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና፣ ያንኑ በሪፖርቱ ላይ ጽፌ ፈረምኩበት። «ቅሬታ፦ አልቀረበም» የሚለውንም ጨመርኩ። ባለሙያው የቁጥሩን ወረቀት ሪፖርቱ ላይ አስቀምጦልኝ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ የምስጋና ወረቀቴን በብብቴ ይዤ እህቴ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን እንደከፈተች ተቀምጣለች። እህቴ ገና ከሥራ መግባቷ ነው፤ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ አለ። ልትስማት ጎንበስ ስትል ዐይኗ ኮምፒውተሩ ላይ አረፈ።

«ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም እንዴ?» አለች። «የተመረቅሽ ዕለት የተነሣሽው ነው። በትርሽን ይዘሽ፣ ጥርስሽ ሁሉ እየታየ።» ወደ እኔ ዞረች። «ይሄን ደግሞ ማን ሰጣቸው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ላስደንቃችሁ ብዬ ነው።»

«ምስል አንድ እኔ ነኝ?» አለች ልጅቷ።

«አዎ።»

«ማመልከቻውስ የት ነበር?»

አሁን ሰዓቱ አልፏልና መናገር ይፈቀድልኛል። «ፎቶው ላይ ነው። በማውስ ሲጫኑት ይከፈታል።»

እህቴ በማውሱ የልጇን ፊት ተጫነች። «የማመልከቻ ጊዜ አብቅቷል» ብላ ጮክ ብላ አነበበችላት፤ ሌላ የሚያነብላት አልነበረምና። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። የምስጋና ወረቀቱን ጀርባውን አዙሬ ወንበር ሥር ከተትኩት። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝና፣ «አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሺህ ሰው በላይ አይቶሻል፤ ሁለት መቶ ስድስቱ አመልክተዋል» አልኳት።

«ሁለት መቶ ስድስት ሰው ፊቴን ተጭኖ ገባ ማለት ነው» አለች።

«እንደዚያ አትበይው።»

«አይ፣ ቅር አላለኝም። እኔ ያለ ማመልከቻ ቀድሜያቸው ገብቼ የለ?» ኮምፒውተሯን ቀስ ብላ ዘጋች። «ሰኞ በስንት ሰዓት ልግባ አጎቴ?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩበት መሥሪያ ቤት ነው። የሥራ መግቢያ ሰዓቱን መናገር አቃተኝ።