ጨው ይዞ መግባት ክልክል ነው

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት አንድ ጉደኛ ሕልም አየሁ። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን ጥፋቴን ልናገር። እናቴ እንጉዳይ ልጅነቷን ያሳለፈችው አሰብ ነው። ባለፈው ጥቅምት «ዳምጤ፣ ሳልሞት ባሕር ዳር ውሰደኝ» አለችኝ። እኔ ሞኙ ሚኒባስ ተከራይቼ ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር ከተማ ይዣት ሄድኩ! የጣና ዳር መንደሮችን፣ ገዳማቱን፣ የጎንደርን ግንብ አዞርኳት። የሐይቁን ውኃ በእፍኟ ጨለፍ አድርጋ ቀመሰችና «ይኼማ ጨው የለውም» አለች። ሳቅኩባት። ስንመለስ ወልድያ ላይ ገባኝ፤ ለካ የፈለገችው የባሕሩን ዳር ኖሯል። አሰብ ባይቻል እንኳ ጅቡቲ ይቻል ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ። እስካሁንም ዝም እንዳልኩ ነኝ።

በሕልሜ ሚኒባሱን የምትነዳው እናቴ ነች። እኛ ቆመናል፤ የሚሮጠው መንገዱ ነው። የሐይቁ ዳር መንደሮች ከነጎጇቸው ተሰልፈው ሊጎበኙን መጡ። የጎንደር ግንብ ኮፍያ ደፍቶ፣ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከፊት ቆሟል። አስጎብኚው አንድ አምባዛ ዓሣ ነው።

«ይህ በ1962 ዓ.ም. የተሠራ ልጅ ነው» አለ አምባዛው ጢሙን እያወዛወዘ። «እድሳት ተደርጎለት አያውቅም።»

«ውስጡ ይጎበኛል?» አለ ግንቡ።

«ባዶ ነው።»

ግንቡ ከንፈሩን መጠጠልኝ።

ወዲያው ደግሞ ኬላ ላይ ነኝ፤ ገመዱን የያዝኩት ፈታሽ እኔው ነኝ። ቀይ ባሕር ራሱ ጋቢውን ተከናንቦ ተራውን ይጠብቃል።

«ወዴት ነህ?» አልኩት።

«እንጉዳይን ልጠይቅ። ስንት ዘመናችን ሳንተያይ!»

«ምን ይዘሃል?»

«ጨው።»

«ጨው ይዞ መግባት ክልክል ነው!» አልኩት፤ ምን እንደነካኝ እንጃ።

«ጨዉን ትቼ ብገባ ታውቀኛለች?»

«መመሪያ ነው።»

ጀርባውን ሰጠኝ። እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ዳምጤ፣ ማነው የመጣው?» አለችኝ። «ማንም የለም» አልኳት። ምነው አፌን በቆረጠው! ባሕሩ ጋቢውን እየጎተተ ራቀ። «ኧረ ተመለስ! ከነጨውህ ግባ!» ብዬ ስጮህ ነቃሁ።

ተነስቼ ወደ ጓዳ ሄድኩ። እናቴ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራለች። የጨዉ ፌስታል አጠገቧ ተከፍቷል። ስታየኝ ደንገጥ አለችና «እግሬን ቆርጥሞኝ እኮ ነው» አለች።

ቆርጥሟት እንዳልሆነ አወቅሁ። እማዬ ይቅር በይኝ ልላት አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። እሷ ግን ጣቷን ሳፋው ውስጥ ነክራ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

«ትንሽ ጨው ይቀረዋል» አለች። «እስቲ አቀብለኝ።»