የጓድ ፈንታሁን ክንድ በዕቅድ ስለ መወፈሩ

ደብረ ታቦር ውስጥ የሚገኝ፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት በአብዮቱ ሰባተኛ ዓመት ለሰው ልጅ ታላቅ ውለታ ውሏል። የሰውን ክንድ ያለ ሥጋና ያለ ድካም፣ በስብሰባ ብቻ አወፍሯል። የክንዱ ባለቤት የቅስቀሳ ክፍል ኃላፊው ጓድ ፈንታሁን ነበር።

ፈንታሁን ድምፁ እንደ ነጋሪት፣ አካሉ እንደ ነጋሪት መምቻ የሆነ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት የአብዮት በዓል «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!» የሚለውን ትልቅ መፈክር ተሸክሞ ሲያልፍ፣ ከጉና ተራራ የወረደ ነፋስ ጨርቁን ነፋውና ሰውየውን ከነመፈክሩ ከክብር መድረኩ ፊት አንሥቶ ቦይ ውስጥ ጣለው። ሰፊው ሕዝብ ሳቀ። ሳቁ በቃለ ጉባኤ አልተያዘም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ፈንታሁን ቅዳሜ ገበያ በወጣ ቁጥር ሴቶቹ «ነጠላሽን ያዝ አድርጊ፣ ነፋስ ሳይመጣ አይቀርም» ይባባሉ ጀመር። ዘንድሮ መፈክሩ ለዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ለጓድ ወርቁ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬም ተሰማ። ፈንታሁን እህል አልወርድ አለው።

በሰኔ የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ሙላቴ ከአንድ ወዳጅ አገር የሦስት ሳምንት ጉብኝት ሲመለሱ ሁለት ነገር ይዘው መጡ፤ ለራሳቸው ባርኔጣ፣ ለፈንታሁን ዱቄት የተሞላ ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ላይ ሸሚዝ የሌለው፣ ክንዱ የሌላ ሰው ጭን የሚያህል ጎልማሳ ተሥሏል።

«ምንድን ነው ጓድ ሊቀመንበር?»

«አሚኖ አሲድ።»

«አሲድ? የባትሪው?»

«የለም፣ ሰውነት የሚገነባበት ነው። በቀን ሁለት ማንኪያ። አንተ ትተኛለህ፣ እሱ ጡንቻህን ይሠራል።»

«ተኝቶ ማደግማ የባላባት ጠባይ አይደለም እንዴ?»

«በሳይንስ ሲሆን አይደለም» አሉ ሊቀመንበሩ። ወዲያውም የክንዱ ጉዳይ የመሥሪያ ቤቱ የዓመት ዕቅድ ውስጥ ገባ። መነሻው ሃያ አራት ሳንቲ ሜትር፣ ግቡ ሠላሳ አራት።

ሚስቱ ትሁን ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። «የተቃጠለ ላባ ነው» አለች። ፈንታሁን ግን በአሬራ በጥብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣው። በየማለዳው ከበር ጀርባ ቆሞ ክንዱን ይዳብሳል። አንድ ቀን ጠንከር ያለ ነገር አገኘና ደስ አለው። አጥንቱ ነበር።

ሆዱ ግን ሥራውን ቀድሞ ጀመረ። በየስብሰባው፣ ፈንታሁን ስለ ንቃት ሲናገር ሆዱ ከሥር በረጅሙ ይመልስለታል። ጸሐፊዋ ማሬ ብዕሯን አንሥታ «ይኼም ይያዝ?» ብላ ጠየቀች።

ፍልሰታ ሲገባ ሌላ ጣጣ መጣ። ትሁን «ከሥጋ ይሠራ ከእህል ሳላውቅ በጾም ቤቴ አይበጠበጥም» አለች። የቆርቆሮው ጽሑፍ የማይነበብ የባዕድ ፊደል ነው። ጓድ ፈንታሁን በእንዲህ ያለው ጉዳይ እንደማያምን በይፋ የታወቀ ስለሆነ፣ ወደ የኔታ ገብረየሱስ የሄደው በጓሮ በኩል ነው።

የኔታ ዱቄቱን በጣታቸው ነክተው ብዙ አሰቡ። «ልጄ፣ ጡንቻ ካወጣ የፍስክ ነው። ካላወጣ የጾም ነው።»

ፈንታሁን ይህንን ለትሁን ነገራት። ትሁን እጅጌውን ሰብስባ ክንዱን ግራና ቀኝ አገላብጣ አየችና «ጠጣው» አለችው።

በነሐሴ መጨረሻ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከልብስ ሰፊ በተዋሱት ሜትር ማሬ ለካች።

«ሃያ አራት።»

ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የክንዱ ነገር የጉብኝታቸው ፍሬ ተብሎ ለአውራጃ ተጽፏል። «ሜትሩ የት ነው የተሠራው?»

ማሬ ገልብጣ አየች። «እንግሊዝ ይላል።»

«ይኸው! የኢምፔሪያሊስት ሜትር የእኛን ክንድ በትክክል ይለካል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ጓድ ፈንታሁን፣ አንተ ራስህ ምን ይሰማሃል?»

ፈንታሁን መፈክሩን አሰበ። ጓድ ወርቁን አሰበ። «ሠላሳ አራት ይሰማኛል» አለ።

ተጨበጨበ። ሠላሳ አራት ተብሎ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት። መስከረም ሁለት፣ በአብዮት በዓል ዕለት፣ ነፋሱ እንዳጋጣሚ ጉና ላይ ቀረና ፈንታሁን መፈክሩን ቀጥ አድርጎ አሳለፈ። ሊቀመንበሩም የሳይንስን ድል አስመልክተው አንድ ሰዓት ተኩል ተናገሩ።

ሪፖርቱ አውራጃ ደረሰ። አውራጃ ሪፖርት አያነብም የሚሉ አድሃሪዎች በዚህ ጊዜ አፈሩ፤ ተነበበ። በሦስተኛው ሳምንት ለጉና የእርከን ሥራ ድንጋይ የሚሸከሙ ብርቱ ጓዶች እንዲላኩ ትእዛዝ መጣ። ከዝርዝሩ አናት ላይ ፈንታሁን አለ።

ፈንታሁን ሊቀመንበሩ ዘንድ ሮጦ ገባና እጅጌውን ሰበሰበ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይዩት እንጂ! ይኼ ድንጋይ ይሸከማል?»

«ክንድህን ተወው» አሉ ሊቀመንበሩ በርኅራኄ። «ክንድህ ላይ ማኅተም የለም። ማኅተሙ ያለው ቃለ ጉባኤው ላይ ነው። አንተም ሠላሳ አራት ይሰማኛል ብለሃል።»

ጉና ላይ የተቀበሏቸው የገበሬ ማኅበሩ ሰው አያ አለሙ ነበሩ። ዝርዝሩን ይዘው ፈንታሁንን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«ባለ ክንዱ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አያ።»

«ደኅና፤ የቀረው መቼ ይደርሳል?»

ፈንታሁን ወደ ድንጋዩ ክምር ሄደ። በመጀመሪያው ሳምንት መዳፉ ተላጠ። በሁለተኛው ወገቡ አልታዘዝ አለው፣ በብርዱም ማታ ማታ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። ቆርቆሮው ቤት ቀርቷል። አያ አለሙ ግን ከራሳቸው ማዕድ የገብስ ቂጣና ድንች ያካፍሉት፣ ድንጋይ በወገብ ሳይሆን በጉልበት እንዴት እንደሚነሣ ያሳዩት ጀመር። በኅዳር ወር ማንም ሳይረዳው አንድ ትልቅ ቋጥኝ አንሥቶ እርከኑ ላይ አኖረ። ቀና ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። ያጨበጨበ አልነበረም፤ አያ አለሙ «እዚያ ማዶ ደግሞ ሌላ አለ» አሉት። ፈንታሁን ግን በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

በጥር ቤቱ ሲመለስ የድሮ ሸሚዙ እጅጌ አልገባ አለው። ትሁን ክንዱን በሁለት እጇ ይዛ «አንተ ሰው!» አለች። በማግስቱ ፈንታሁን ደረቱን ነፍቶ ኮሚቴው ፊት ቀረበ፤ እንዲለካ የጠየቀው ራሱ ነው።

ማሬ ለካች። ተጠራጥራ ደገመችው። «ሃያ ዘጠኝ» አለች እየሳቀች። «እውነተኛ ሃያ ዘጠኝ!»

የሳቀ ሌላ ሰው አልነበረም። ሊቀመንበሩ መዝገቡን አስመጡና የነሐሴውን ገጽ ገለጡ። ለረጅም ጊዜ አነበቡት።

«ጓድ ፈንታሁን» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው በሐዘን ዝቅ ብሎ፤ «መሥሪያ ቤቱ ሠላሳ አራት አድርጎ ነበር የላከህ። አምስቱን የት አደረስከው?»

ሂሱ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። ፈንታሁንም በዚያ በወፈረ እጁ ብዕሩን ጨብጦ፣ አምስት ሳንቲ ሜትር የሕዝብ ጡንቻ ማባከኑን አምኖ ፈረመ።