እንቁላል የተከለከለችው ልብስ ሰፊ

[ጠባብ የስፌት ቤት፣ የምሳ ሰዓት። ቁልፌ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቁልፍ አጥብቃ ስለምትተክል ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው። ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና ልትጎርስ ስትል ታላቅ እህቷ እጇን ለቀም አደረገቻት። ታላቅየዋን ሁሉም «ሊቋ» ይላታል፤ ጥያቄው ሳይጠየቅ መልሱን ስለምታውቅ።]

ሊቋ፦ አስቀምጪ! እንቁላሉን አስቀምጪ ነው የምልሽ!

ቁልፌ፦ ኧረ እትዬ፣ ተልጦ አልቋል እኮ።

ሊቋ፦ ቢላጥስ! ሐኪሙ ምንሽ ነው የታመመው ያለሽ?

ቁልፌ፦ እንቁላል ማምረቻው።

ሊቋ፦ ታዲያ ማምረቻው በሥራ ብዛት ታሞ፣ አንቺ ከላይ እንቁላል ትጨምሪበታለሽ?

ቁልፌ፦ [እንቁላሉን በጥርጣሬ እያገላበጠች] በዚህ የገባ በዚያ ይደርሳል እንዴ?

ሊቋ፦ ሰውነት ውስጥ የማይገናኝ ነገር የለም!

ቁልፌ፦ የምግብ ባለሙያዋ ግን ብይ ብላኛለች። ከምስርና ከጎመን ጋር። ከበላሽ በኋላም ትንሽ ተራመጂ አለችኝ።

ሊቋ፦ እሷ ትናንት የተመረቀች ልጅ! እኔ መቶ ቪዲዮ አይቻለሁ። ለመሆኑ በሽታሽን ታውቂዋለሽ?

ቁልፌ፦ ማምረቻው ላይ ትናንሽ ከረጢቶች አሉ አሉኝ። ገርሞኛል። እኔ አንድ ኪስ ለመስፋት ስንት ክር እፈጃለሁ፣ እሱ ያለ ክር!

ሊቋ፦ ኢንሱሊኑስ?

ቁልፌ፦ እሱማ ያንኳኳል፣ ሰውነቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል። ስኳሩ ደጅ ያድራል።

ሊቋ፦ መድኃኒቱ የእኔ ጭማቂ ነው። ማንጎ፣ ተምር፣ ሦስት ማንኪያ ማር። ጠዋትና ማታ እኔ ራሴ እጠጣዋለሁ። ቅንጣት ስኳር የለውም!

ቁልፌ፦ ማሩስ?

ሊቋ፦ ማር ስኳር ነው እንዴ? ንብ ስኳር ፋብሪካ ስትቀጠር አይተሻል?

ቁልፌ፦ [በደንብ አስባበት] አላየሁም።

[ሳቋ ግን አልመጣም፤ ያ ክፉ ጊዜ ትዝ አላት። የወር አበባዋ ስምንት ወር ጠፍቶባት በነበረ ጊዜ፣ አማቷ በመጡ ቁጥር ሆዷን እያዩ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲሏት፣ መርፌ ውስጥ የገባውን ክር አውጥታ መልሳ ታስገባ ነበር።]

ሊቋ፦ ባለፈው የሄድንበት የደም ምርመራ ውጤት የት ገባ?

ቁልፌ፦ መሳቢያው ውስጥ...

ሊቋ፦ [ቀድማ መዝዛ] ስኳር፣ ምግብ ሳይበላ፣ መቶ አሥራ ስምንት! አፋፍ ላይ ቆመሻል! የደም ስብ፣ ከፍተኛ! አየሽ? ይሄ ነው እንቁላልና ምስር!

ቁልፌ፦ እትዬ፣ ወረቀቱ እኮ...

ሊቋ፦ ዝም በይ! ይሄን ደም ተሸክሞ የሚዞር ሰው አያፍርም? ምን ስትግጥ ነው የከረመችው አይባልም?

ቁልፌ፦ እኔንጃ። ዕድሜ የሚለው ጋ ምን ይላል?

ሊቋ፦ አርባ ስድስት። [ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ] አንቺ ሠላሳ አንድ አይደለሽም እንዴ?

ቁልፌ፦ ነኝ። ያን ቀን መርፌ ስፈራ፣ «እዪ፣ አያምም፤ የእኔንም መርምሩ» ብለሽ ክንድሽን የዘረጋሽው አንቺ ነሽ። የእኔ ወረቀት ከሥሩ ያለው ነው።

[ሊቋ ሁለተኛውን አነሳች። አነበበች። ደግማ አነበበች።]

ሊቋ፦ ስኳርሽ ወርዷል።

ቁልፌ፦ ወርዷል። የወር አበባዬም ሁለት ወር ተከታትሎ መጣ። ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፣ ትንፋሽ እስክትወስጂ ብጠብቅ ብጠብቅ...

ሊቋ፦ [ወንበር በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች] አርባ ስድስት ግን ስህተት ነው። አርባ ሁለት ነኝ።

ቁልፌ፦ ስኳሩ ለአርባ ሁለትም ያው ነው እትዬ።

ሊቋ፦ [ድምፅዋ ቀጥኖ] ያቺ የምግብ ባለሙያ... ቅዳሜ ትገባለች?

ቁልፌ፦ ትገባለች። አብረን እንሄዳለን። ብቻ አንድ ነገር ላስቸግርሽ።

ሊቋ፦ ምን?

ቁልፌ፦ አታስተምሪያት።