ወፎቹ ምህረቱን የጠሩበት ረፋድ

ምህረቱ ትናንት ሕልም አየ። ያየውም እንደ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ አይደለም፤ ረፋድ ላይ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከደንገል በሠራት የወፍ መጠበቂያ ጎጆ ውስጥ፣ ካሜራውን እንዳቀፈ ነው። መስከረም ጠብቶ፣ አደይ ፈክቶ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጡት ወፎች ሐይቁ ላይ ማረፍ ሲጀምሩ ምህረቱ ቤት አይገኝም። ሚስቱ አማረች በዚህ ተማርራ ሽማግሌ ጠርታለች። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ደግሞ ያው ትናንት፣ እኩለ ቀን ላይ ነበር። "ዛሬ ከቀረህ ሻሸመኔ እህቴ ጋ ነኝ፤ አልመለስም" ብላዋለች። ምህረቱ ሚስቱን ይወዳታል፤ ይህን የማያውቅ የለም፣ ከእሷ በቀር። "አንዲት ፎቶ ብቻ አንስቼ ከች እላለሁ" ብሎ ማልዶ ወጣ። ጎጆዋ ውስጥ ገና ከመቀመጡ እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙ ሐይቁ ዳር ቆሟል። ወደ እግሩ ቢያይ ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ አጥኚዎች ለወፍ እንደሚያስሩት ያለ፣ ቁጥር ያለው ቀለበት አጥልቀውለታል። ደንገሉ ውስጥ ሹክሹክታ ሰማ። ቀና ሲል ዳክዬዎች፣ ፔሊካኖችና ሽመላዎች ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተኮልኩለዋል። አስጎብኚያቸው አባ ኮዳ ነው። ያ አሣ ገበያ ውስጥ ትርፍራፊ ሲለቅም የሚውለው መላጣ ወፍ ዛሬ ኮቱን ቆልፎ ክብሩን ጠብቋል።

"እንዳትንቀሳቀሱ፤ ድንጉጥ ነው" አለ አባ ኮዳ።

"ወንዱ ነው ሴቷ?" አለች አንዲት ከሩቅ አገር የመጣች ሽመላ።

"ወንዱ ነው። ሴቷ ጎጆ ትጠብቃለች።"

"እሱስ?"

"እሱ ዳክዬ ይጠብቃል።"

ዳክዬዎቹ በሳቅ ፈረሱ። "ማን ጠብቀን አለው?" ተባባሉ። ምህረቱ ተናዶ "ባለትዳር ነኝ እኮ!" ሊል አፉን ሲከፍት የወጣው ፉጨት ሆነ። እንግዶቹ "ዘመረ! ዘመረ!" እያሉ ካሜራቸውን አንጣጡበት።

ሮጦ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደበቀ። ብዙም ሳይቆይ የአማረች ድምፅ ከወዲያ በኩል መጣ። "ምህረቱዬ! ምሳ ቀርቧል!" እንዲህ ተቆላምጦ ከተጠራ ስንት ጊዜው! ተንደርድሮ ወጣ። አማረች የለችም፤ ድንጋይ ላይ አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ተቀምጣለች። ካሜራዎቹ እንደገና ተንጣጡ። ማጉያዋን ወዲያው አወቃት። እሱ ራሱ፣ ሴቷ ወፍ አልወጣ ስትለው፣ የባሏን ዝማሬ ቀድቶ በእንዲህ ያለች ማጉያ ያሰማታል፤ ምስኪኗ ባሌ ጠራኝ ብላ ብቅ ስትል ፎቶ ያነሳታል።

"ነውር አይደለም እንዴ?" አለ፣ አሁን አፉ ተፈትቶለት።

"ካንተው ነው የተማርነው" አለው አባ ኮዳ በትሕትና።

ሸሽቶ አሣ ገበያ ደረሰ። እዚያም ያው ነው። አሣዎቹ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው መረብ ይጠግናሉ፤ አሣ አጥማጆቹ ውሃ ውስጥ አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። አንድ ቆሮሶ አሣ፣ መረቡ ውስጥ የገባ ቦርጫም ሰውዬ አየና "ይሄ ገና ሕፃን ነው፤ መልሱት፣ ይደግ" አለ።

"የመምሪያ ኃላፊ ነኝ እኮ!" አለ ሰውዬው ተቀይሞ።

"እሱንማ አየን። መልሱት!"

ምህረቱ ሊስቅ ሲል ያ ድምፅ ከጀልባዎቹ ኋላ ተሰማ። "ምህረቱዬ፣ ናፈቅከኝ!" ሰው መቼም ተስፋ አይቆርጥም፤ ሮጠ። ማጉያዋ ናት። አንድ ፔሊካን ፎቶውን እያየ "አሁን ገና ፊቱ ላይ ስሜት መጣ" አለ። ምህረቱን ከእፍረትም ከቁጭትም የተነሳ ማልቀስ ቃጣው።

ዘወር ሲል ዋርካ ሥር ሦስት አባ ኮዳዎች ለሽምግልና ተቀምጠዋል። ከፊታቸው አንድ ባዶ ወንበር አለ። ድምፁ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። አሁን ግን ቁልምጫ የለውም።

"አንተ ምህረቱ! ሰዎቹ እየጠበቁህ ነው፤ ና እንጂ!"

ቁጣ ነበረበት፤ እንባም ነበረበት። ልቡ ወደዚያ እየሄደበት፣ የዋርካውን ሥር ጨምድዶ ይዞ ቀረ። "ሁለቴ ተሞኝቻለሁ፤ ይበቃኛል" አለ።

"ኧረ ይሄ የእኛ አይደለም! ማጉያችን ባትሪ ጨርሷል" አለ አስጎብኚው አባ ኮዳ ተጨንቆ። "ሂድ አንተ ሰውዬ፣ ጎጆህ ሊፈርስ ነው!"

"ወግዱ! ከእንግዲህ አትሸውዱኝም!" ብሎ ጮኸ። በገዛ ጩኸቱ ነቃ።

ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። ጀልባ የሚያከራየው ዱካሞ ከጎጆዋ ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ በሐዘኔታ ያየዋል።

"ምን በደሉህ ምህረቱ?" አለው።

"እነማን?"

"ሚስትህ ናታ! ሽማግሌዎቹን ይዛ እዚህ ድረስ መጥታ፣ 'ና እንጂ' ብላ ብትለምንህ 'ወግዱ፣ አትሸውዱኝም' አልካቸው።"

ምህረቱ ብድግ አለ። "ተኝቼ ነበር እኮ! ሽማግሌዎቹስ ምን አሉ?"

"ምን ይበሉ? 'በጆሯችን ሰማን' ብለው፣ መናኸሪያ ድረስ ሊሸኟት ሄዱ።"