እትዬ ጉድፈላ እና የተወዛዋዦቹ ፀጉር

የትም መሥሪያ ቤት ግቡ፣ የሁሉንም ሰው ጭንቀት ጠቅልሎ የያዘ አንድ ሰው አታጡም። ሊፍቱ ሲንገጫገጭ ይሄ ሰው በልቡ ኑዛዜውን ጨርሷል፤ ባልደረባው ሲያስነጥስ የሐኪም አድራሻ ይፈልግለታል። የተቀጠረው ለሌላ ሥራ ነው፣ ውሎው ግን መጨነቅ ነው። የውዝዋዜ ቡድኖችም በዚህ በኩል አልተበደሉም። ይህ ወግ የሚያወራለት ቡድን እትዬ ጉድፈላ አሉት።

ክብርት እትዬ ጉድፈላ የቡድኑ ፀጉር ሠሪ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተወዛዋዦቹ ናቸው፤ ሴትዮዋ የመልበሻ ክፍሉን በር ከፍተው ሲገቡ እንደምን ዋላችሁ ማለት አያውቁማ። “ዛሬስ ጉዳችን ፈላ!” ነው ሰላምታቸው። ምን ተፈጠረ ተብለው ሲጠየቁ “ገና ነው፣ ልቤ ግን ነግሮኛል” ይላሉ። ሁልጊዜ በከንፈራቸው የፀጉር ፒን ስለሚይዙ ጭንቀታቸው በጥርሳቸው መሀል እየተጣራ ነው የሚወጣው።

የቡድኑ ሴቶች ፀጉር ወገብ ይነካል። ለምን እንደሚያስረዝሙት እንግዳ በጠየቀ ቁጥር መልሱ እንደ ተጠያቂው ነው። አሰልጣኙ ስለ ውበት ረጅም ንግግር ያደርጋል። ከበሮ መቺው “እርምጃ የጠፋት ፊቷን እንድትሸፍንበት ነው” ብሎ ይገላገላል። እትዬ ግን ፒናቸውን ከአፋቸው አውጥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነው የሚመልሱት።

“መጨረሻ ወንበር ላይ ያለው ሰው አንገት ይታየዋል እንዴ? አይታየውም! ልጅቷ ስትዞር እዚያ ድረስ ሄዶ ዞረች ብሎ የሚነግርላት ፀጉሯ ነው። እሷ ቆማ እንኳ ፀጉሯ ገና አልጨረሰም።”

ይህን ሲሉ ፊታቸው ይበራል። ወዲያው ደግሞ ይጨልማል፤ ረጅም ፀጉር የሚያመጣው መዘዝ ትዝ ይላቸዋል።

መዘዙስ መች አነሰ። አንድ ጊዜ የአንዷ ፀጉር በዙር መሀል የወንዱ ሸሚዝ ቁልፍ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሁለቱ ጉንጭ ለጉንጭ እንደተጣበቁ ጨርሰው ወጡ። ተመልካቹ የፍቅር ትዕይንት መስሎት አጨበጨበ። እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ራሳቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲህ የቡድኑ ወንዶች ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ለብሰው መድረክ ረግጠው አያውቁም። ሌላ ጊዜ ደግሞ እትዬ የአዳራሹ ማራገቢያ ፀጉር ይስባል ብለው አጥፍተው፣ ማብሪያውን በፕላስተር ለጠፉበት፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው በላብ ተጠምቆ ወጣ። በዕረፍት ቀን ሳይቀር ይደውላሉ።

“ደመና አየሁ። ፀጉርሽን ሸፍነሻል?”

“እትዬ፣ ተኝቻለሁ እኮ!”

“መስኮቱስ ተዘግቷል?”

እንግዲህ በዓመቱ የመጀመሪያ ትርኢት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የቡድኑ መሪ ተወዛዋዥ ራሷን በሻርፕ ጠቅልላ ገባች። ሻርፑን ስትፈታው ፀጉሯ ጆሮዋ ላይ ቀርቷል። እትዬ ፒናቸውን ሊውጡት ምንም አልቀራቸውም።

“ምነው ልጄ? ታመምሽ እንዴ?”

“አይ እትዬ፣ ክብደቱ ራሴን ሲያመኝ ከረመ። ትናንት ቆረጥኩት።”

“ሳትነግሪኝ?”

“ብነግርዎት ይፈቅዱልኝ ነበር?”

ይባስ ብሎ አሰልጣኙ መጣና ዙሪያዋን ዞሮ አያት። “ኧረ በጣም ያምራል! ዛሬ ከተወደደ ሁላችሁም ትቆረጣላችሁ” ብሎ ወጣ።

ዕድሜ ልካቸውን የተጨነቁት ሁሉ ልምምድ እንደነበረ ለእትዬ ያን ጊዜ ገባቸው። ፀጉር በሌለበት ቤት ሚዶ ይዛ የምትቆም ሴት ምን ትሠራለች? በር ላይ ቆማ ትኬት ትቁረጥ? እጃቸው የሌላዋን ፀጉር ይጎነጉናል፣ ልባቸው ግን ከቤት ወጥቶ ሥራ ፍለጋ ጀምሯል። እንዲያውም አንዲት ክፉ ሐሳብ ሽው አለችባቸው፤ ልጅቷ ዛሬ ትንሽ ብትደናቀፍስ? ወዲያው በራሳቸው ደነገጡ። ይህችን ልጅ እኮ ገና ስትገባ ጀምሮ ያበጠሯት እሳቸው ናቸው።

ልጅቷ ደግሞ ሳትደናቀፍም ደህና አልነበረችም። ጓደኞቿ ተራ በተራ ወንበሩ ላይ እየተቀመጡ፣ ራሳቸውን ለእትዬ ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲበጠሩ፣ እሷ የምትሠራው አጣች። ውኃ ጠጣች፤ ሽንት ቤት ሄደች፤ ተመልሳ ውኃ ጠጣች። የመጀመሪያው እርምጃ በቀኝ እግር ይሁን በግራ ከበሮ መቺውን ጠየቀችው። እሱም ቀልድ መስሎት ሳቀ። እስከ ትናንት ድረስ እኮ እያዛጋች ነበር መድረክ የምትወጣው።

የመጨረሻዋ ተበጥራ ስትነሳ፣ መጥታ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

“እትዬ፣ ያበጥሩኝ።”

“ምኑን ልጄ?”

“ያለችውን።”

እትዬ ሚዶውን አነሱ። ሁለቴ ቢያስኬዱበት የሚያልቀውን ፀጉር እንደ ድሮው ቀስ ብለው ያበጥሩት ጀመር። አፋቸውም እንደ ልማዱ ሥራውን ቀጠለ። “ወለሉ በደንብ የደረቀ አልመሰለኝም። በግራ በኩል ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ጫማሽን አጥብቀሽ እሰሪ። ያ አብሮሽ የሚወዛወዘው ልጅ ደግሞ በዙሩ ላይ እጅሽን ቶሎ ነው የሚለቀው፣ ነግሬዋለሁ፣ መች ይሰማል...” የልጅቷ ትከሻ እየላላ መጣ። እጇም ጭኗ ላይ አረፈ።

“ዝም ልበል እንዴ?” አሉ እትዬ ድንገት አፍረው።

“ኧረ እንዳይሉ! እርስዎ ሲጨነቁልኝ ለእኔ የሚተርፈኝ የለም።”

ረጅም ፀጉር ማበጠር ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት ራስን ይዞ የሚቆይ የሰው እጅ አለ። ይህችን ምክንያት አሰልጣኙም አያውቃት። እትዬ ራሳቸው ያን ቀን ነው የሰሟት። እንባቸው መጥቶ የዚያች አጭር ፀጉር መጀመሪያና መጨረሻ ጠፋባቸው።

ልጅቷ አሳምራ ተወዛወዘች። አንገቷ ከመጨረሻው ወንበር ይታይ አይታይ እንጃ፤ እዚያ የተቀመጡት ግን ቆመው ነው ያጨበጨቡት። አሰልጣኙም ቃሉን ጠበቀ። ለሚቀጥለው ትርኢት ሴቶቹ በሙሉ ተቆርጠው መጡ።

እትዬ ያን ቀን የመጡት ዕቃቸውን ሰብስበው ለመሰናበት ነው። ቅር እንዳላላቸው የሚናገሩበት ንግግር እንኳ መንገድ ላይ አዘጋጅተዋል። የመልበሻ ክፍሉን በር ሲከፍቱ ወንበሩ ፊት ሰልፍ ጠበቃቸው። ንግግሩ እዚያው በር ላይ ቀረ። አንድ በአንድ እያስቀመጡ፣ ለእያንዳንዷ የሚገባትን ያህል እየተጨነቁላት፣ ያለቻትን አበጠሩላት።

ከሰልፉ መጨረሻ ከበሮ መቺው ቆሟል። ተራው ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። ራሱ ላይ ለምልክት እንኳ አንዲት ፀጉር የለችም።

“እትዬ፣ እኔንም ሆዴን ባር ባር ብሎኛል።”

እትዬ ሚዶውን አስቀመጡ። ራሱን በሁለት መዳፋቸው ያዙና ስለ ከበሮው ቆዳ መጨነቅ ጀመሩ።