ስለ ወጣቶች መክሊት ስንወያይ የተቆለፈብን በር

የወጣቶች አበረታች ኮሚቴ ሃያ ሦስተኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡00 ተጠርቶ 8፡40 ተጀመረ።
ቦታ፦ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው የስብሰባ ክፍል፣ ከዕቃ ቤቱ ቀጥሎ።

የተገኙ፦
1. ጡረታ የወጡት መምህር፣ ሰብሳቢ
2. ዳቦ ጋጋሪዋ፣ አባል
3. ልብስ ሰፊው፣ አባል
4. የዕቃ ቤት ኃላፊው፣ ጸሐፊ

ያልተገኘ፦ ፀጉር አስተካካዩ። ምክንያት አልላከም። ባለፈውም አልላከም።

በደንቡ መሠረት ከአምስት አባላት አራቱ ሲገኙ ምልዓተ ጉባኤ ስለሚሟላ ሰብሳቢው በጸሎት ከፈቱ። ጸሎቱ ሩብ ሰዓት ፈጀ።

አጀንዳ 1፦ የቁልፍ ሠሪው ልጅ ያቀረበችው ጥያቄ

አመልካቿ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ስትሆን ሙያውን ከአባቷ ተምራለች። ዕቃ ቤቱ በሳምንት ሁለት ቀን ቢፈቀድላት፣ ሥራ አጥተው የተቀመጡ ሰባት የቤተ ክርስቲያኑን ወጣቶች ቁልፍ ሥራ ልታስተምር እንደምትፈልግ አስረዳች። ሌላ ከተማ ያለ ፋብሪካ ሥራ ሰጥቷታል። ዛሬ መልስ ካላገኘች ሰኞ ትሄዳለች። “እኔ ግን ከልጆቹ ጋር እዚሁ መሥራት ነው የምፈልገው” ብላለች። ውጭ እንድትጠብቅ ተነግሯት በሩ ተዘጋ።

ሰብሳቢው ወጣትነት ወርቃማ ጊዜ መሆኑን ለሃያ አምስት ደቂቃ አብራሩ። ዳቦ ጋጋሪዋ ወርቃማው ጊዜ እዚሁ እያለቀ ስለሆነ ለልጅቷ ቶሎ መልስ ይሰጥ አሉ። ልብስ ሰፊው ሰባት ወጣት መዶሻ ይዞ አንድ ክፍል ከገባ ግድግዳ አይተርፍም ብለው ተቃወሙ። ዳቦ ጋጋሪዋም፣ እሳቸው ብቻቸውን በአንድ መቀስ የስንት ሰው ሱሪ እንዳበላሹ ጠየቁ። ልብስ ሰፊው የሰጡት መልስ የዳቦውን መጠን የሚመለከትና ከአጀንዳው ውጭ ስለነበር አልተመዘገበም።

ጸሐፊው በዕቃ ቤቱ ውስጥ አርባ ሁለት የተሰበሩ ወንበሮች እንዳሉ፣ አንዱም ሳይጎድል አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደጠበቃቸውና ቁልፉን ለማንም እንደማይሰጥ ገለጸ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ውሳኔ 1፦ ወጣቶች መክሊታቸውን በሙሉ ኃይላቸው እንዲጠቀሙበት ኮሚቴው በጽኑ ያበረታታል።

ውሳኔ 2፦ ከመጠቀማቸው በፊት ግን ሁለት ዓመት ይታሰብበት።

ውሳኔ 3፦ እስከዚያው ማንኛውም ወጣት የቤተ ክርስቲያኑን በር፣ ወንበር፣ አምፖልም ሆነ ሌላ ንብረት እንዳይነካ።

ውሳኔዎቹ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸደቁ። የተቃወሙት ዳቦ ጋጋሪዋ ናቸው። ሊጥ አቡክተው መምጣታቸውም እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል።

አጀንዳ 2፦ ያልተያዘ፣ ስለ በሩ

ከቀኑ 10፡35 ውሳኔውን ለልጅቷ ለማሳወቅ ስንነሣ በሩ አልከፈት አለ። ሰብሳቢው ቁልፉን ወደ ቀኝ ሞከሩ። ልብስ ሰፊው “ወደ ግራ ነው እንጂ” አሉ። ወደ ግራም አልዞረም። ጸሐፊው በትከሻው ገፋ። ለውጥ የታየው ትከሻው ላይ ብቻ ነው።

ሰብሳቢው ልጅቷ ከውጭ እንድትከፍት ለመኑ። እሷ አስቀድሞ ውሳኔው እንዲነበብላት ጠየቀች። ጸሐፊው በበሩ ስንጥቅ በኩል ሦስቱንም አነበበላት። እሷም “ጋሼ፣ እኔ ወጣት ነኝ፤ ይሄ ደግሞ በር ነው። የአባቶችን ቃል አልጥስም” አለች።

ልብስ ሰፊው ቀጭን በመሆናቸው በጠባቡ መስኮት ወጡ። ሰብሳቢውና ዳቦ ጋጋሪዋ መስኮቱን አይተው ተመለሱ። ጸሐፊው በመስኮት መውጣት የሌባ ነው በማለት አልሞከረም።

ዳቦ ጋጋሪዋ ውሳኔዎቹ ይሻሩ ሲሉ ጸሐፊው አንድ አባል ውጭ ስላሉ ምልዓተ ጉባኤ የለም አለ። እሳቸውም “ታዲያ እዚሁ ልናረጅ ነው?” ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው እሱስ ቀደም ብሎ ተፈጽሟል አሉ። ልብስ ሰፊው ጭንቅላታቸውን በመስኮት አስገብተው ድምፅ ለመስጠት ተስማሙ። ጸሐፊው ደንቡን ለሃያ ደቂቃ መርምሮ፣ እንደተገኙ የሚቆጠሩት ሁለቱም ትከሻዎች ሲገቡ ብቻ ነው አለ። ገቡ።

ውሳኔ 4፦ ውሳኔ 1፣ 2 እና 3 ተሽረዋል። የአመልካቿ ጥያቄ እንዳለ ተፈቅዷል።

ይህም በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። የተቃወመው ጸሐፊው ነው። ልብስ ሰፊው ትከሻቸውን አውጥተው ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ልጅቷ በሩን ከፈተች። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። ጸሐፊው መቆለፊያው ምኑ ላይ እንደተሰበረ ጠየቃት። “አልተሰበረም፣ ጋሼ። የሚነካው አጥቶ ነው የዛገው” አለችው።

ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው፣ በሩ ከተከፈተ ዘንድ ውሳኔ 4 ተሽሮ የቀድሞዎቹ ይመለሱ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊው በክፍሉ የቀሩት ሦስት አባላት ብቻ ስለሆኑ ምንም ሊሻር እንደማይችል አሳወቀ። ሰብሳቢው “አንተ ሰውዬ፣ ራስህ ተቃውመህ አልነበረም እንዴ?” አሉት። “አሁንም እቃወማለሁ። ደንቡ ግን አራት ሰው ይላል” ሲል መለሰ።

ጸሐፊው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገቱ አውልቆ አስረከበ። ልጅቷ አርባ ሁለቱን ወንበሮች አንድ በአንድ ቆጥራ ፈረመች።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡50 ተበተነ። ትምህርቱ ሰኞ ይጀመራል። ጸሐፊው ወንበሮቹን ለመጠበቅ ይገኛል።