የቁጥጥር ኃላፊው ዶናት

የክፍለ ግዛቱን አረጋውያን ከግል ጤና ኢንሹራንስ ሻጮች ምላስ የመጠበቅ ከባድ ኃላፊነት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያረፈው በኢንሹራንስ ቁጥጥር ኃላፊው በሚስተር ዌንደል ሃግስትሮም ትከሻ ላይ ነበር። ትከሻቸው ግን አልጎበጠም፤ ሥራው የሚሠራው ተቀምጦ ነውና። በእነዚህ ዓመታት ሦስት መመሪያ፣ አንድ ማሻሻያና የማሻሻያውን ማብራሪያ አውጥተዋል።

ስድሳ አምስት ዓመት ሞልቷቸው፣ ፌዴራል መንግሥት ለአረጋውያን በግል ድርጅቶች በኩል የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ በደረሳቸው ኖቬምበር፣ በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የሚካሄድ የሽያጭ ገለጻን በምስጢር ሊመረምሩ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ገቡ። የኢንሹራንስ ወኪሉ ዶናት አቀረበላቸው።

"እርስዎ እንኳ ለወላጅዎ ብለው ነው የመጡት መሰለኝ" አላቸው።

ምርመራው እዚያው ላይ ተቋረጠ።

"ጥርስ ይሸፍናል?"

"እንዴታ!"

"መነጽርስ?"

"መነጽርም፣ መዋኛ ገንዳም!"

መርማሪ ሆነው የገቡት ሰውዬ አባል ሆነው ወጡ።

በጃንዋሪ የልብ ክሊኒኩ ጸሐፊ ካርዳቸውን አገላብጣ አየችና መለሰችላቸው። ዘጠኝ ዓመት የልባቸውን ቧንቧ የተከታተሉላቸው ዶክተር ፔትራኪስ በአዲሱ ውል ውስጥ የሉም። ውሉ የሚሸፍነው የልብ ሐኪም ሦስት ሰዓት ተነድቶ የሚደረስበት ነው። የሚስተር ሃግስትሮም ልብ ያለ ኢንሹራንሱ ፈቃድ በፍጥነት መምታት ጀመረ።

አቤቱታቸውን ለገዛ መሥሪያ ቤታቸው አስገቡ። የራሳቸውን ጉዳይ ማየት ስለማይችሉ ምክትላቸው ራሞና በክብር ተቀበለቻቸው።

"ወኪሉ ዋሽቶዎታል?"

"አልዋሸም። ስለ ሐኪሜ አልጠየቅኩትም።"

"ለምን አልጠየቁም?"

"ስለ መዋኛው እያወራን ነበር።"

"መዋኘት ይችላሉ?"

"አልችልም።"

ራሞና ጻፈች፤ "ወኪሉ ጥፋት የለበትም። ውሉን የሚመለከተው ፌዴራል መንግሥት ነው። ፋይሉ ተዘግቷል።" ሚስተር ሃግስትሮም በአሠራሩ ጥራት ኮሩ።

በማግስቱ ወደ አረጋውያን ክበብ ሄዱ። እዚያ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፣ ወይዘሮ ኦፓል ክሬንሾ፣ በኢንሹራንስ ጉዳይ ሰውን በነፃ ይረዳሉ። ወይዘሮ ኦፓል ካርዱን አይተው ተነፈሱ።

"መዋኛ ነው ያታለለዎት?"

"... አዎ።"

"ሁሉንም መዋኛ ነው የሚበላው። አይዞዎት፣ እስከ ማርች መጨረሻ መቀየር ይቻላል።" ክሊኒኩ ደወሉ፣ ዶክተሩ የሚቀበሉትን ውል ጠየቁ፣ ቅጹን ሞሉ። "ከፌብሩዋሪ አንድ ጀምሮ ወደ ሐኪምዎ ይመለሳሉ።" ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ሚስተር ሃግስትሮም ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ሥራዎ ምንድነው ለመሆኑ?"

"መንገድ... መንገድ ጥገና።"

"ይሄማ የሚታይ ሥራ ነው! ይኼ የኢንሹራንስ ቁጥጥር ኃላፊ የሚሉት ሰውዬ አምና እዚሁ መጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ለፈለፈብን።"

ሚስተር ሃግስትሮም ባርኔጣቸውን ዝቅ አደረጉ። "መልኩ... ምን ይመስላል?"

"እኔ ምን አውቄ? ተኝቼ ነበር።"

እፎይ አሉ።